ገጠር እገባለሁ ለሚሉ ወዳጆቼ



ለመንግሥት ሠራተኞች በተመደበው አውቶቡስ ጧትና ማታ የሚመላለስ ሰው የአገሩን ወሬ ለመስማት ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልገውም። ቀድሞ በአውቶቡሳችን ውስጥ የሚወራው ስለ ደረጃ ዕድገት፥ ስለ አለቃ ጠባይና ስለ እንግሊዝ አገር እግር ኳስ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን ጨዋታው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ነገር ላይ ይወድቃል። ይኸውም፥ «እኔስ ይህን ከተማ ትቼ ገጠር እገባለሁ» የሚል ነው። አንዱ ላም ሊያረባ፥ አንዱ ንብ ሊያነብ፥ ሌላው አቮካዶ ሊተክል ያስባል። ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር የተዛወረ አንድ ሰው ደግሞ፥ «ዳር ድረስ ከመጣሁ አይቀር ጥቂት ልቀጥልበት ነው» ብሎ አሥቆናል።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ጉልበት ምን ያህል እንደ ደከመ ወር እየጠበቀ የሚበላ ሁሉ ያውቀዋል። ደመወዝ ተጨምሯል፤ ነገር ግን የቤት ኪራዩና ዘይቱ ጭማሪውን በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ ዓይኑን ወደ ገጠር ቢያማትር አይፈረድበትም። እኔም ራሴ በዚሁ ምኞት የተያዝሁ ሰው ነኝና ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን፥ ባለፈው መስቀል ያየሁትንና የሰማሁትን ለባልደረቦቼ ለማካፈል ነው።

በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ የሆነ ወዳጅ አለኝ። ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ፥ ጉለሌ ነው። ገጠርን የሚያውቀው በእጅ ስልኩ ነው። ማታ ማታ ቲክቶክ በሚሉት ላይ አንድ ጎልማሳ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ወተት በቅል ሲጠጣ፥ ከበስተ ኋላው ዋሽንት ሲነፋለት፥ «ከተማን ትቼ ሰላም አገኘሁ» ሲል ያያል፤ ያየውንም ጧት በአውቶቡስ ውስጥ ለእኔ ያሳየኛል። እኔም የአስተማሪ አመል ሆኖብኝ፥ «ላሟን ያለባት ማን ነው? ሥዕሉንስ ያነሣው ማን ነው?» እያልሁ እጠይቀዋለሁ። እርሱም፥ «አንተ ደግሞ ነገር ማበላሸት ትወዳለህ» ብሎ ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልሳል።

ነገሩ የወዳጄ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት በክፍሌ ውስጥ ነው። የማስተምረው አማርኛ ነው። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ «የገጠር ኑሮ» በሚል ርእስ ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝሁ። ከሰበሰብኋቸው ደብተሮች ዐሥራ አንዱ፥ «የገጠር አየር ንጹሕና ነፋሻማ ሲሆን ሕዝቡም በፍቅርና በመተሳሰብ ይኖራል» በሚል አንድ ዓይነት ቃል ይጀምራሉ። ተማሪዎቹ በተለያየ ክፍል የሚቀመጡ ስለ ሆኑ እንዳልተገለባበጡ አውቃለሁ። ብጠይቃቸው፥ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን በስልካቸው ጠይቀው እርሱ ያላቸውን እንደ ጻፉ ሳያፍሩ ነገሩኝ። መጀመሪያ ተቈጣሁ። ቈይቼ ሳስበው ግን መሣሪያው የራሱን ወሬ አልፈጠረም፤ እኛ ከተሜዎች ስንለው የኖርነውን ነው መልሶ የነገራቸው።

ከእነዚያ ሁሉ ደብተሮች መካከል አንዲት ልጅ በገዛ እጇ፥ ፊደሏ እየተንጋደደ፥ ግማሽ ገጽ ብቻ ጽፋ ነበር። እናቷ በዐሥራ አራት ዓመቷ ከገጠር ወጥታ አዲስ አበባ ሰው ቤት የገባችበትን ምክንያት ነው የጻፈችው። ምክንያቱም ውኃ ነው። እንስራ አዝላ ስትወርድና ስትወጣ ቀኑ ይመሽባት ነበር። «እናቴ ገጠር ደስ ይላል ስትል ሰምቼ አላውቅም፤ ስለ ገጠር ስትናገር እጇን ወደ ወገቧ ትወስዳለች» ይላል መጨረሻው። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።

ይህን ድርሰት ለወዳጄ አሳየሁት። አንብቦ፥ «ይህ የድሮ ነገር ነው፤ አሁን ገጠሩም ሠልጥኗል፥ ስልክ የሌለው የለም» አለኝ። በዚህ ተከራከርን። ክርክሩ መጨረሻ ስላጣ የ2018 ዓ.ም. መስቀል ሲደርስ፥ «እንግዲያው ና፥ በዓይንህ እይ» ብዬ ወደ ትውልድ አገሬ፥ ወደ እምድብር አካባቢ ይዤው ሄድሁ።

በዓለም ገና፥ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አልፈን ወልቂጤ ስንደርስ አውቶቡሱ ለመስቀል በሚገባ ሰው ተጨናንቆ ነበር። ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰው አይቶ ተደነቀ። የጉራጌ ተወላጅ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። ወዳጄ የማያውቀው ግን ከዚህ በፊት የሆነውን ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ይኖሩ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች፥ ነጋዴው ከሱቁ፥ ልብስ ሰፊው ከመኪናው፥ ተሸካሚው ከጫንቃው፥ ሊስትሮው ከሣጥኑ እያዋጡ ወደ አገራቸው የሚያስገባ መንገድ እንዲሠራ አድርገዋል። የመንገድ ሥራ ድርጅትም አቋቁመው ነበር። እነዚያ ሰዎች ገጠር እንገባለን እያሉ አላወሩም፤ ብዙዎቹም ከከተማ ሳይወጡ ሞተዋል። እኛ ግን እነርሱ ባዋጡት ብር በተጠረገ አገር እየነዳን ስለ ንጹሕ አየር እናወራለን።

ከመንገዱ ዳር የተማርሁበትን የሚስዮን ትምህርት ቤት አሳየሁት። በዚያ ያስተምሩን የነበሩ አንዲት ሲስተር ቅዳሜ ቅዳሜ ከፍ ከፍ ያልነውን ልጆች በየመንደሩ ይልኩን ነበር። ሥራችንም ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ወላጆች ደብዳቤ መጻፍ ነው። «ለውድ ልጄ፥ ለጤናህ እንደምን አለህ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» እያልን ብዙ ወረቀት ጨርሰናል። ደብዳቤው በነጋዴ እጅ አዲስ አበባ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ወር ይሞላል። እናቶች እየነገሩን ሲያለቅሱ እኛ ልጆቹ እንባውን እንዴት እንደምንጽፈው ግራ ይገባን ነበር። የእጅ ስልክ ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ቢሆንም ወደ እኛ መንደር እስኪደርስ ብዙ ዓመት ወስዷል። ሲደርስ ግን ያን የቅዳሜ ሥራችንን በአንድ ጊዜ ሻረው፤ በዚህም ከልቤ ደስ ይለኛል። ሥልጣኔን የሚነቅፍ ሰው አንድ ቀን ለሰው እናት ደብዳቤ ጽፎ ቢያይ መልካም ነበር።

አጎቴ ቤት እንደ ደረስን ወዳጄ ክርክሩን የረታ መሰለው። አጎቴ ዕድሜው ከሰባ ያለፈ ገበሬ ነው፤ ትንሽ ስልክ በአንገቱ አንጠልጥሏል። መርካቶ ላለ የወንድሙ ልጅ ደውሎ የአጣና ዋጋ ስንት እንደ ገባ ይጠይቃል። ስለ ገብሱ ሲቸግረው 8028 ይመታና በቴፕ የተቀዳውን የእርሻ ምክር በአማርኛ ያዳምጣል። ለበዓሉ በሬ የሚዋጣውን ገንዘብ ልጁ ከአዲስ አበባ በቴሌብር ሲልክለት እኛ ተቀምጠን ሳለን ደረሰ። ይህ የቴሌብር ነገር የተጀመረው ግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ በአጭር ጊዜ እምድብር ገበያ ድረስ መግባቱ ያስደንቃል። ወዳጄም ወደ እኔ ዞሮ፥ «አላልሁህም?» አለኝ።

እኔም ዝም ብዬ ወደ ጓሮ ወሰድሁት። ከጓሮ አክስቴና ሁለት ጎረቤቶቿ እንሰት ይፍቃሉ። አንባቢዬ ቆጮን ከክትፎ ጋር እንጂ ከእንሰት ጋር አላየው ይሆናልና ጥቂት ልናገር። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት፥ በደጋው ከዚያም በላይ ይፈጃል። ሲደርስ ይጣልና ግንዱ እየተላጠ ይገነጠላል። የምትፍቀው ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ፥ የግንዱን ልጥ ዘንበል ብሎ በቆመ ሳንቃ ላይ አስደግፋ፥ አንድ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ በተረከዟ ትይዘዋለች፤ ከዚያም በቀርከሃ መፋቂያ በሁለት እጇ ቁልቁል ትፍቀዋለች። ሥሩም ለብቻው ይከተከታል። የተፋቀው ጉድጓድ ገብቶ እስኪብላላ ሳምንታት፥ አንዳንዴም ወራት ይቈያል። ወንድ በአገራችን እንሰት አይፍቅም፤ ነውር ነው። ይህን ነውር ያወጣው ወንድ ለመሆኑ እኔ አልጠራጠርም።

አክስቴ እየፋቀች ሳለች ስልኳ በቀሚሷ ኪስ ውስጥ ጮኸ። እጇ በእንሰት ውኃ የተነከረ ስለ ሆነ ማንሣት አልቻለችም፤ ወዳጄ አውጥቶ ጆሮዋ ላይ ያዘላት። ልጇ ከአዋሳ ነው። አክስቴ እግሯን ከሳንቃው ሳታወርድ፥ እየፋቀች አወራች። እኔ በዚያ ሰዓት ያሰብሁት ይህን ነው፤ በአንድ ጆሮዋ የዘመኑ መሣሪያ ገብቷል፥ በእጇ የያዘችው ግን የአያቷን መፋቂያ ነው። እንሰት የሚፍቅ መኪና እንደ ተሠራ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። በእኛ መንደር ግን እስካሁን ያየው ሰው የለም። እንደ ስልኩ በፍጥነት ያልገባበትን ምክንያት ባለሙያዎች ቢነግሩን እወዳለሁ።

መብራትም እንዲሁ ነው። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የመንደሩ ሰው በአንድ ወጣት ስልክ ዙሪያ ተሰብስቦ አይቷል፤ ስልኩ የተሞላው በፀሐይ ኀይል ነው። ሁሉም ተደስቷል፥ እልል ተብሏል፤ በዚያ መንደር ለግድቡ ቦንድ ያልገዛ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። አጎቴ ይህን ከተረከልን በኋላ፥ «መብራቱ ከዓባይ ወጥቶ ስልኩ ውስጥ ገብቷል፤ አየነው። ከስልኩ ወጥቶ ቤቴ የሚገባው መቼ ነው?» ብሎ ወዳጄን ጠየቀው። ወዳጄ የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኑ መልሱን የሚያውቅ መስሎታል። ወዳጄም በሒሳብ ክፍል መሆኑን ነገረው።

በሁለተኛው ቀን ጧት የመጣንበት ምስጢር ወጣ። ለካስ ወዳጄ የቈጠበውን ገንዘብ አስቦ ኖሯል። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለውን፥ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋውን አረንጓዴ ሜዳ ሲያይ ልቡ ቀረ። «አባባ፥ ይህ ባዶ ቦታ የማን ነው? ብገዛው ስንት ይሉኛል?» ሲል አጎቴን ጠየቀው። አጎቴ መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለው። ቦታው ጀፎረ ነው። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መካከል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ሠርግ የሚደገስበት፥ ለቅሶ የሚዋልበት፥ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፥ ጥጃ የሚውልበት ነው። ከጀፎረ አንድ ክንድ ቆርሶ ያጠረ ሰው በአባቶች ሥርዐት ይቀጣል።

አጎቴ ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ሲረዳ ከሣጥኑ የይዞታ ደብተሩን አውጥቶ አሳየው። የገጠር መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ አጽንቷል። ይህን ሕግ እኛ ከተሜዎች በትምህርት ቤት ተምረን እንረሳዋለን፤ አጎቴ ግን የተማረው ምንም ሳይኖር በቃሉ ያውቀዋል። በእኛ አካባቢ የብዙው ገበሬ ይዞታ ከአንድ ሄክታር ያነሰ ነው። ስለዚህ ከከተማ የሚመጣ ባለገንዘብ በኪራይም ይሁን በሌላ መንገድ ቦታ አገኘ ማለት አንድ የአገር ልጅ ቦታ አጣ ማለት ነው።

ወዳጄ ግን በቀላሉ አልተረታም። «ተከራይቼም ቢሆን ሰው ቀጥሬ አሠራለሁ» አለ። አጎቴ በትሕትና፥ «እኛም ሰው የምንቀጥር ብንሆን ኖሮ ልጆቻችንን ሰው እንዲቀጥራቸው ወደ እናንተ አንልክም ነበር» አለው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍሁ። ማታ የአካባቢው ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር፥ ከአዲስ አበባ የሒሳብ ሰው መጥቷል ሲባል ሰምቶ፥ ሁለት ወፋፍራም መዝገብ በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ማኅበሩ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ለአባሎቹ ያድላል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሒሳቡ ዐሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ብር ይጎድላል። የሚመረምር ሰው ይላካል ተብሎ ሲጠበቅ ቈይቶ ማንም አልመጣም። ገንዘብ ያዡ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ሰው በግልጽ ሌባ አላለውም፤ ነገር ግን በለቅሶ ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፍቶ ነበር። እጮኛውም ተወስዳበታለች።

ወዳጄ መዝገቡን ገለጠ። በዚያች ማታ በፀሐይ ኀይል በሚበራ ፋኖስ፥ በማግሥቱም ቀኑን ሙሉ፥ ምሳውን እዚያው እየቀረበለት ደረሰኝ ከደረሰኝ ሲያመሳክር ዋለ። አልፎ አልፎ ስልኩን የሚያወጣው ለመደመር ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ጧት ገንዘቡን አገኘው። የጠፋ ገንዘብ አልነበረም፤ በ2016 ዓ.ም. የገባ አንድ የማዳበሪያ ጭነት በሁለት ገጽ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ኖሯል። ሊቀ መንበሩና ሽማግሌዎቹ ባሉበት ገጹን እያሳየ አስረዳ። ገንዘብ ያዡ አንድ ቃል አልተናገረም። ወጥቶ ሄዶ፥ ቈይቶ ከእናቱ ጋር ተመለሰ። እናቱ የወዳጄን ጉልበት ልትስም ስትጎነበስ እርሱ ደንግጦ ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ይህን ወዳጄን ዐሥር ዓመት አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ከዚህም ሁሉ ነገር አንድም ሥዕል አላነሣም፤ ስመለስ ነው ትዝ ያለኝ።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህን ነው። ገጠር መግባት የሚሻ የመንግሥት ሠራተኛ በመጀመሪያ የሚያውቀውን ሥራ ይዞ ይግባ። ላም ማርባት የገጠሩ ሰው ከእኛ ይልቅ ያውቅበታል። መዝገብ መመርመር፥ ውል ማንበብ፥ ማመልከቻ መጻፍ፥ ቧንቧ መጠገን፥ ልጅ ማስተማር ግን እኛ ዘንድ ተከማችቶ እዚያ የጠፋ ነው። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጥቷል። ያ ሁሉ በትእዛዝ ስለ ሆነ መልካምም ክፉም ነገር ታይቶበታል፤ ማንንም ዝመት ለማለት አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዳችን የዓመት ፈቃድ አለን። አብዛኞቻችን ፈቃዳችንን የምናጠፋው በሠርግና በቀበሌ ጉዳይ ነው። ከዚያ ላይ አምስት ቀን ማንሣት ማንንም አይጎዳም። ሁሉም ቦታ ለመሄድ እንደማይመች፥ የአንዳንዱም አካባቢ ጸጥታ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ፤ የሚፈቅደው ግን ብዙ ነው።

አንዳንድ ሰዎች፥ «በዚህ ዘመን ሰው መላክ ለምን ያስፈልጋል? ሁሉ ነገር በኢንተርኔት ይደርሳል» ይሉኛል። ለእነዚህ የምመልሰው ከራሴ ታሪክ ነው። ከሚስዮኑ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ በገባሁበት በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን በየክፍሉ ተሰቅሎ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይመጣል። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው አስተማሪ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ጥቂት ሴኮንድ ትጠብቅና «በጣም ጥሩ!» ትለናለች። እኛ ሰባ ልጆች ግን ጥያቄው ምን እንደ ሆነ እንኳ አልገባንም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱ ሳይጠብቀን ያልፋል፤ በማግሥቱ የምናገኘው ቀጣዩን ምዕራፍ ነው። አስተማሪያችን ከጥግ ቆሞ ዓይን ዓይናችንን ያየን ነበር። ያልገባን መሆኑን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ እርሱ ደግሞ እንዲያስረዳን የተሰጠው ደቂቃ ጥቂት ነው። መሣሪያውን አልጠላውም። ጠላቴ «በጣም ጥሩ» የሚለው ቃል ነው።

የዚያን ጊዜው ነገር ዛሬም በሌላ መልክ አለ። በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን መልቀቂያ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ እንደ ደረሱ ሁላችንም ሰምተናል። ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠቱም ይታወቃል። አብሮኝ በሚስዮን የተማረ አንድ ወዳጄ በአገራችን የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው። በመስቀል ማግሥት ቡና እየጠጣን ሳለ ተማሪዎቹ ኮምፒዩተር ላይ ጣታቸውን ሲያሳርፉ ይሰብሩት ይመስል እንደሚፈሩ ነገረኝ። አማርኛ የሚያስተምር መደበኛ መምህር ከሄደበት ዓመት ሆኖታል፤ የስፖርት አስተማሪው ነው እየተካ የሚያስተምረው። ከዚያም ምንም ሳይጨምር ስኒውን አስቀመጠና አየኝ።

አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ የዝውውር ቅጽ ሞላሁ። ለባለቤቴ ባሳያት አልተቈጣችም። እርሷም እንደ እኔ የገጠር ልጅ ናት። አንብባው ስታበቃ፥ «አንተ የምትሄደው ልታስተምር ነው፤ እኔ የምሄደው ውኃ ልቀዳ ነው» አለችኝ። የዚያች ተማሪዬ ድርሰት ትዝ አለኝና የምመልሰው አጣሁ። እስካሁንም አላገኘሁም። ሌላውን፥ «ላሟን ያለባት ማን ነው?» እያልሁ ስጠይቅ የኖርሁ ሰው፥ በገዛ ቤቴ ውኃውን የሚቀዳው ማን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም ነበር።

የሒሳብ ሠራተኛው ወዳጄ ለጥምቀት ሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቆ ተፈቅዶለታል። ሌላ የጎረቤት ማኅበርም መዝገቡን ይዞ እየጠበቀው መሆኑን አጎቴ በስልክ ነግሮናል። ለገዛው የቀይ እስክሪብቶ ፓኬት ደረሰኝ ይዞ እንደ ሆነ ብጠይቀው ሳቀብኝ። ባለቤቴም በዚህ ጉዞ አብራን ልትሄድ፥ ትምህርት ቤቱንና ምንጩን በዓይኗ ልታይ፥ ከምንጩ እስከ መምህራኑ መኖሪያ ያለውንም መንገድ በእግሯ ልትለካ ተስማምታለች። ቅጹን እስከዚያ ድረስ በመሳቢያዬ አኑሬዋለሁ።

ከአዲስ አበባ
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ
ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.